የሚሞላ ውኃ፣ የሚሰጥ ተስፋ

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። አባባሉ የዋህ ዋናተኛን ለማስጠንቀቅ ብቻ የሚነገር አይደለም። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ኋላም ወገብ እያለ ሰውን ከቆመበት የሚያላቅቅ ነገር ሁሉ ይገለጽበታል፤ ፍቅርም ይሁን ዕዳም ይሁን ሹመት። እንግዲህ ውኃ እየሞላ ስለሚመጣባቸው ሰዎች ደስ የሚያሰኝና የሚያጽናና ፊልም ለመሥራት የተነሣ ሰው ሥራውን ሳይጀምር ይህ አባባል ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሣቁ የማን ነው? የሚወሰደውስ ማን ነው?

ጥያቄውን ለመመርመር አንድ ጥሩ ሥራ በእጅ አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 2022 ኔትፍሊክስ «ዘ ሃውስ» («ቤቱ») የተሰኘ በአሻንጉሊት የተሠራ ፊልም አሠራጭቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጽሑፉ የአየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት የኤንዳ ዋልሽ ነው። ፊልሙ በአንድ ቤት ውስጥ የሚፈጸሙ፣ በልዩ ልዩ አዘጋጆች የተሠሩ ሦስት ታሪኮች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥፋት ያበቃሉ። በፓሎማ ባዬሳ የተዘጋጀው ሦስተኛው ብቻ በብርሃን ይዘጋል፤ የሚገርመው ደግሞ ዓለም በውኃ የተዋጠችው በዚሁ በሦስተኛው ውስጥ መሆኑ ነው።

የታሪኩ ባለቤት ሮዛ የምትባል ድመት ናት። ቤቱ የእርሷ ነው፤ ታከራየዋለች። ዙሪያው ግን ውኃ ሆኗል፤ መንገድ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ አዲስ ተከራይ የሚመጣበትም አቅጣጫ የለ። ሮዛ ይህን አላየችም ማለት አይቻልም፤ በመስኮቷ ይታያታል። ይሁንና ጧት ማታ የምትጨነቀው ስለ ግድግዳው ወረቀት፣ ስለ ወለሉ፣ ከቧንቧው ስለሚወርደው ድፍርስ ውኃ ነው። የቀሯት ተከራዮች ኤልያስና ጄን ናቸው፤ ሁለቱም ኪራይ በገንዘብ አይከፍሉም። አንዱ ዓሣ ያቀርባል፤ ሌላዋ የሚያብረቀርቁ ድንጋዮች ታቀርባለች። ኋላ ኮስሞስ የተባለ እጀ ብልኅ እንግዳ በጀልባ ይመጣል። ሮዛ ቤቴን ይጠግንልኛል ብላ ስትጠብቅ የወለሏን ጣውላ ነቅሎ ለኤልያስ ጀልባ ይሠራበታል። ኤልያስ ይሄዳል፤ ጄንና ኮስሞስም ይከተላሉ። ውኃው ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር ሮዛ፣ ኮስሞስ ሠርቶ ትቶላት የሄደውን ትልቅ እጀታ ትስባለች። ቤቱ ከመሠረቱ ይላቀቅና መርከብ ሆኖ ጉዞ ይጀምራል።

ሐሳቡ ውብ ነው። ኖኅ መርከቡን ቤት አደረገ፤ ሮዛ ቤቷን መርከብ አደረገች። የኖኅን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ያደገ ተመልካች ግን ሌላም ነገር ማስታወሱ አይቀርም፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ከመርከቡ ውጪ የቀሩ ብዙ ነበሩ፤ ስማቸውም አልተጻፈም።

ፊልሙ እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ በውስጡ ያለውን የግብረ ገብ ጥያቄ ማየት ያስቸግራል። ስቶፕ ሞሽን የሚባለው ጥበብ ከእጅ አሻንጉሊት ይለያል። በኢትዮጵያ ሕፃናት ዘንድ የታወቀችው የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔ የምትንቀሳቀሰው ውስጧ የገባ እጅ ስለሚያንቀሳቅሳት ነው፤ እጁ ሲሠራ ካሜራውም አብሮ ይቀርጻል። በስቶፕ ሞሽን ግን ካሜራው ሲከፈት እጁ ከመድረኩ መውጣት አለበት። ባለሙያው በውስጡ የብረት አጽም ያለውን የአሻንጉሊቱን ክንድ በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሜትር ያነሣል፤ እጁን ያወጣል፤ አንድ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ተመልሶ ይገባል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎች ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ አንዱ አቋም ለሁለት ምስል ስለሚያገለግል በሰከንድ 12 አቋሞች ይበቃሉ፤ እንደዚያም ሆኖ ለዐሥር ደቂቃ ፊልም 7,200 ጊዜ ገብቶ መውጣት ማለት ነው። አንድ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ደክሞ የሚያተርፈው ጥቂት ሰከንዶችን ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እንደ ሥራ መመሪያ ሊነበብ የሚችልበት ሙያ ቢኖር ይህ ነው፤ እንቁላሉ በእውነት ይሄዳል።

በዚህ ሙያ እንደ ውኃ አስቸጋሪ ነገር ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ነገር ውኃ አይጠብቅም። በሁለት ፎቶግራፎች መካከል ባለው ጊዜ ይረጋል፣ ይሰርጋል፣ ይተናል፤ የተጀመረ ማዕበል ባለበት ቁም ቢሉት አይሰማም። ከዚህም ሌላ ውኃ አያንስም። ቤቱን፣ ወንበሩን፣ ማንኪያውን በአሻንጉሊቱ ልክ ማሳነስ ይቻላል፤ የውኃ ጠብታ ግን የትም ቦታ ያው ጠብታ ነው። መዳፍ በምታህል ጀልባ ላይ ያረፈች አንዲት ጠብታ የተሳፋሪውን ራስ ታህላለች። ስለዚህ የአሻንጉሊት ፊልም ሠሪዎች ውኃን ከውኃ አይሠሩትም። ከላስቲክ፣ ከግሊሰሪን፣ ከፀጉር ጄል፣ ከመስታወት፣ ከሚደርቅ ሙጫ ይሠሩታል፤ ላይካ የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ በ2016 «ኩቦ ኤንድ ዘ ቱ ስትሪንግስ» በተሰኘው ፊልሙ እንዳደረገው ደግሞ ባሕሩን በኮምፒውተር የሚሠሩም አሉ። (ናይሮቢ ላይ ሆኖ ይህን ሥራ የሚሞክር ወጣት ሐይቁን ከፌስታል እሠራለሁ ቢል ሕግ ያግደዋል፤ ኬንያ ፌስታልን በ2017 ከልክላለች።)

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ውስጥ ያለው ውኃ ሳይታዘዝ የማይሞላ ውኃ ነው። ሠሪው ማታ መብራቱን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ባሕሩ ካቆመበት ቦታ ላይ ያድራል፤ በማግሥቱ ሲመጣም አንዲት ስንዝር አልተራመደም። ሰው ሊገታው ስላልቻለው ነገር የሚተርከው ጥበብ፣ ያንኑ ነገር በሰው ጣት ሥር አድርጎ ነው የሚሠራው። ተመልካቹ ይህን አያውቅም፤ ግን ይሰማዋል። የአሻንጉሊት ባሕር አስፈሪ በሆነበት ሰዓት እንኳ አንዳች ገርነት አይለየውም፤ መጽናናቱ የሚጀምረውም ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚሁ ገርነት ነው።

ኦፕቲሚዝም የሚለው ቃል ራሱ ከውኃ ጋር የቆየ ሒሳብ አለው። ቃሉ በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይኛ የተወለደው፣ ይህች ዓለም ሊኖሩ ይችሉ ከነበሩት ዓለማት ሁሉ የተሻለችው ናት የሚለውን የጀርመናዊውን ፈላስፋ የላይብኒዝን ትምህርት ለመሰየም ነበር። በኖቬምበር 1 ቀን 1755 የሊዝበን ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ከሚናደው ግንብ አምልጠው ወደ ውኃው ዳር የሸሹትን ደግሞ ባሕሩ ተነሥቶ ወሰዳቸው። ቮልቴር በ1759 «ካንዲድ»ን ሲያሳትም በርእሱ ሥር ያሰፈረው ቃል ይኸው ኦፕቲሚዝም ነበር፤ ያሰፈረውም ሊሣለቅበት ነው። ረሶ ግን ቀደም ብሎ በ1756 ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነገር አንሥቶ ነበር፤ ስድስትና ሰባት ፎቅ ያላቸውን ቤቶች በዚያ ቦታ ያከማቸው ተፈጥሮ አለመሆኑን። ከሁለቱ የትኛው ረታ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ለተያዘው ጉዳይ የሚጠቅመው ሁለቱም የጠየቁትን ማስታወስ ነው። ቮልቴር «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ ማጽናናት ለተጎዳው ሰው ስድብ መሆኑን አሳየ። ረሶ ቤቱን እዚያ ያቆመው ማን እንደሆነ ጠየቀ። የሮዛ ፊልም ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የለውም። ውኃው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው አይነገርም፤ ውኃ ነው፤ መጣ።

አማርኛ ለኦፕቲሚዝም የተቆረጠ አንድ ቃል የለውም። «ብሩህ ተስፋ» የሚሉ አሉ፤ «በጎ አመለካከት» የሚሉም አሉ። ሁለተኛው የቢሮ ሽታ አለው። የመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ ግን ተስፋ የሚለው ቃል ከኦፕቲሚዝም በጣም ይከብዳል። በአማርኛ ተስፋ ይደረጋል፤ ይቆረጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሰጣል። የተስፋ ምድር ሲባል ሰው የተመኛት ምድር ማለት ብቻ አይደለም፤ ቃል የተገባለት ምድር ናት። «ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር» የሚል ሰው የስሜቱን ሁኔታ እየገለጸ ሳይሆን ባለዕዳውን በጣቱ እየጠቆመ ነው። ስለዚህ በዚህ ቋንቋ ለሚያስብ ሰው የፊልም ሠሪው ብሩህነት የግል ጠባዩ ሆኖ አይቀርም። ለራሱ ተስፋ ቢያደርግ ማንም አይጠይቀውም። ለሌላው ከሰጠ ግን ቃል ገብቷል፤ የገባውን ቃል ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል መጠየቁም ተገቢ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ የወጣ አይደለም። ከ2010 ገደማ ወዲህ የኬንያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲሞሉ ኖረዋል፤ ቱርካና፣ ባሪንጎ፣ ቦጎሪያ፣ ናኩሩ፣ ናይቫሻ። የቪክቶሪያ ሐይቅም በሜይ 2020 ከዚያ በፊት በ1964 ተመዝግቦ ከነበረው ከፍተኛ ልክ አልፏል። የኬንያ መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ሆኖ በ2021 ያወጣው ጥናት ከ75,000 በላይ ቤተሰቦች ከቀያቸው መፈናቀላቸውን መዝግቧል፤ ዋነኛ ምክንያት ያደረገውም የዝናቡን መጨመር ነው። በናይቫሻ ዳር ያለው የኪሆቶ ሰፈር በ2020 ውኃ ገባበት፤ በ2025ም ዳግመኛ ገባበትና ነዋሪዎቹ በጀልባ እየተመላለሱ ዕቃቸውን አወጡ። ባሪንጎ ላይ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች ተውጠዋል።

ከኢትዮጵያ ወገን የበሰቃን ሐይቅ ያህል ትዕግሥተኛ ምስክር አይገኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ በመኪናም ሆነ በቀድሞው ባቡር የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ መተሐራ ከመድረሱ በፊት ከጥቁሩ የፈንታሌ ዓለት ሥር ተንጣሎ ይታያል። በ1960ዎቹ ገደማ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ2000ዎቹ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውኃ፣ ከከርሰ ምድር የሚገባው ፍልውኃ፣ የምድሩ ውስጣዊ እንቅስቃሴ እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ። ውኃው ጨዋማ ነው፤ ለከብትም ለአገዳም አይሆንም። መንገዱና ሐዲዱ ከውኃው እየሸሹ ከፍ እንዲሉ ተደርገዋል። የከረዩ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ግን ከፍ ሊደረግ የሚችል ነገር አይደለም።

በእነዚህ ሐይቆች ዘንድ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሙላታቸው የሊዝበን ዓይነት አይደለም። የሚመጡት በጣት ልክ ነው፤ ዛሬ አንዲት ጣት፣ በሚቀጥለው ወር አንዲት ጣት። በአንድ ቀን ውስጥ የደረሰ ጥፋት የለምና ጥፋት ደረሰ ብሎ የሚጮኽ የለም። የእርዳታ ሥርዓት ደግሞ የተሠራው ቀን ላለው መከራ ነው፤ ጎርፉ መቼ ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ሰው ቅጹን መሙላት ያስቸግረዋል። ውኃው ራሱ በስቶፕ ሞሽን የሚመጣ ይመስላል። ገበሬው አንድ ቀን አጥሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለስ ቢያደርግ የሞኝ ሥራ አልሠራም፤ ለዚያች ቀን ትክክለኛ ፍርድ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ቢመልሰው ትክክል ነው። ሆኖም ሃያ ትክክለኛ ፍርዶች ተደምረው መሬት የለሽ ያደርጉታል። የሮዛም ነገር እንዲሁ ነው። የተላጠ የግድግዳ ወረቀት መልሶ መለጠፍ በየቀኑ ሲታይ እብደት አይደለም፤ ቤቷ ነው፤ ቤት ይጠገናል። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ብሩህ ተስፋዎች አሉ፤ የምትጠግነዋ ሮዛ ተስፋና የሚሄዱት ሰዎች ተስፋ። ፊልሙ ለሚሄዱት ፈርዷል። እንዲህ ዓይነት ፍርድ ለመስጠት የሚቀለው መሄጃ ላለው ሰው ነው።

የቤቱ መርከብ መሆን ደስ የሚያሰኘው ሮዛ ከቤቷ ሳትለይ ስለተረፈች ነው። ይህ በሕልም ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስል፣ በኔዘርላንድ ማስቦመል በተባለ ስፍራ ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚሉ ቤቶች በ2005 አካባቢ ተሠርተዋል፤ ሰው ይኖርባቸዋል። ከአፍሪካ የሚነሣው ምሳሌ ግን ሌላ ትምህርት አለው። በሌጎስ ከተማ፣ በእንጨት እግሮች ላይ በቆሙ ቤቶች በሚታወቀው በማኮኮ ሰፈር፣ አርክቴክቱ ኩንሌ አዴዬሚ በ2013 በበርሚሎች ላይ የሚንሳፈፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ትምህርት ቤት ሠራ። የዓለም መጽሔቶች ሁሉ ሥዕሉን አወጡት። በ2016 የዚሁ ንድፍ ሁለተኛ ቅጂ በቬኒስ የሥነ ሕንፃ ትርኢት ተሸለመ፤ በዚያው ሰሞን፣ በጁን ወር፣ ማኮኮ ላይ ያለው የመጀመሪያው በማዕበል ፈረሰ። ተማሪዎቹ ቀደም ብለው ወጥተው ስለነበር የሞተ ሰው የለም። አርክቴክቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስልም፤ ሙከራው ደፋር ነበር፣ ያልተሞከረ ነገርም አይሻሻልም። የሚያሳስበው ሌላው ነው። ሥዕሉ ከሕንፃው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። የዓለም አንባቢ ከማኮኮ የፈለገው ሥዕሉን ነበር፤ ሥዕሉ ደግሞ አይፈርስም። የማኮኮ ሕፃን የፈለገው ግን ወለል ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ቸል ሊባልም አይገባም። የሚያለቅስ ፊልምስ ከሚሥቀው በምን ይሻላል? ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ዓለም የወጣው የሐዘን ምስል ከበቂ በላይ ነው። ካሜራ ይዞ እንባ ፍለጋ የሚመጣ ሰው፣ የተፈናቀለውን ሰው ከመከራው በቀር ሌላ ነገር የሌለው አድርጎ ያሳየዋል። የኪሆቶ ሰው ግን በጀልባ ሲመላለስም ይቀልዳል፤ ዋጋ ይከራከራል፤ ልጁን ለትምህርት ቤት ያለብሳል። ይህን መቅረጽ ውሸት አይደለም። እንዲያውም የአሻንጉሊት ፊልም ለዚህ ከሁሉም ይመቻል፤ የእውነተኛ ሰው ፊት ስለማያሳይ የማንንም ገመና አያወጣም፤ ሕፃናትም ሳይሸሹ ያዩታል። ሣቅ ለተጎዳ ሰው የተከለከለ አይደለም።

ተቃውሞው ትክክል ነው። ትክክል ሆኖም የመጀመሪያውን ጥያቄ አይሽረውም፤ ያጠራዋል እንጂ። ነገሩ በሣቅና በልቅሶ መካከል መምረጥ ካልሆነ፣ ተስፋው ከምን ከምን ተቀንሶ የቀረ እንደሆነ መናገር ነው። ይህን ለማየት ከሮዛ ጎን አንድ ሌላ ፊልም ማስቀመጥ ይጠቅማል። ጃፓናዊው ኩኒዮ ካቶ በ2008 የሠራውና በተከታዩ ዓመት ኦስካር የተሸለመው፣ «የትናንሽ ኩቦች ቤት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው አጭር ፊልም በእጅ የተሣለ ነው፤ አሻንጉሊት የለበትም። ርዝመቱ 12 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንድም ቃል አይነገርበትም። አንድ ሽማግሌ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር በቤቱ ላይ ሌላ ክፍል እየገነባ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ፒፓው ውኃ ውስጥ ይወድቅበታል። ያንን ሊያወጣ የጠላቂ ልብስ ለብሶ ይወርዳል፤ ሲወርድም በየፎቁ የኖረበትን ዘመን ያገኛል። ከሥር ከሥር እያለ እስከ መጀመሪያው ቤት፣ እስከ ወጣትነቱ፣ እስከ ሚስቱ ይደርሳል። ከዚያ ይመለሳል፤ ይበላል፤ ሁለት ብርጭቆ ወይን ይቀዳል።

ሽማግሌው ከሮዛ ያነሰ ተስፈኛ አይደለም፤ ጡቡን ደርድሮ ነገም ይገነባል። ልዩነቱ ወደ ታች መውረዱ ነው። ውኃው የወሰደውን ፎቅ በፎቅ ቆጥሮታል። የሮዛ ቤት መርከብ ሆኖ ሲሄድ መሠረቱ ምን ሆነ? ከወለሉ ሥር ምን ቀረ? ፊልሙ ወደ ኋላ አያይም። ለአንዲት ድመት ይህ ይበቃ ይሆናል። የከረዩ ሰው ግን መሬቱ ሲሄድበት የአባቱ መቃብርም፣ ላሚቱ የምትጠጣበት ኩሬም፣ ከጎረቤቱ ጋር የተሟገተበት ድንበርም አብረው ይሄዳሉ። ቤት ይንሳፈፍ ይሆናል፤ ግጦሽ አይንሳፈፍም። ሒሳቡ ያልተነገረበት ተስፋ በአማርኛው ትርጉም የተሰጠ ተስፋ አይደለም፤ የሚያሳሥቅ ውኃ ነው።

ለሮዛ ፊልም ግን አንድ ትልቅ ነገር ሊመሰገንለት ይገባል፤ እርሱም የእጀታው ነገር ነው። ኮስሞስ የወለሏን ጣውላ ሲነቅል አላስፈቀደም። ለሌላው ደግ ሆኖ ለእርሷ ቤት አፍራሽ ነው፤ በዚህ ሥራው ከብዙ በጎ አድራጊዎች ጋር ይመሳሰላል፤ የሚበጅህን እኔ አውቃለሁ ብሎ ከሰው ቤት ጣውላ ይነቅላል። እጀታውን ግን ሠርቶ ሲያበቃ አልሳበውም፤ እርሷ እንድትስበው ትቶት ሄደ። በመንቀልና በመተው መካከል ያለው ርቀት የጠቅላላው ነገር መለኪያ ይመስላል። መውጫውን ሌላ ሰው ሊያዘጋጅ ይችላል፤ እንዲያውም ማዘጋጀት ይገባዋል፤ መንግሥትም፣ ማኅበርም፣ ጎረቤትም። መሄድ ጊዜው አሁን ነው የሚለውን ቃል ግን ከቤቱ ባለቤት በቀር ሌላ አፍ ሲናገረው ተስፋ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል።

እዚህ ላይ የጥበቡ ጣጣ ይመለሳል። ሮዛ እጀታውን በራሷ ፈቃድ ሳበች ይባል እንጂ ሮዛ ፈቃድ የላትም፤ ጨርቅና ብረት ናት። ክንዷን ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ያነሣው የሰው እጅ ነው፤ ፎቶግራፉ ሲነሣም ከመድረኩ ወጥቶ ተደበቀ። የአሻንጉሊት ነጻነት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ታዲያ ሠሪው ይህን ነጻነት በሐቅ ሊሰጣት የሚችልበት መንገድ አለ ወይ? አንድ አለ፤ እርሱም ውድ ነው። አሻንጉሊቷ እንድታመነታ ጊዜ መስጠት። አምስት ሰከንድ ማመንታት 60 አቋም ነው፤ አንድ ባለሙያ ለእርሱ ብቻ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊያጠፋ ይችላል፤ ያውም ምንም ነገር ላልተፈጸመበት ትዕይንት። ገንዘብ ያዡ መጀመሪያ ቁረጡ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ታሪኩን አያራምድም፤ ሕፃናቱ ይሰለቻሉ። እጀታው ቶሎ ከተሳበ ፊልሙ ያጥራል፤ ይረክሳል፤ ተስፋውም እንዲሁ።

ከናይቫሻ ወይም ከመተሐራ ተነሥቶ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ቢኖር ቁሳቁሱ አያንሰውም። ጭቃ አለ፤ ቆርቆሮ አለ፤ ደንገል አለ፤ ከመጠጥ ቆርኪ ቢጫ ጀሪካን መቅረጽ ይቻላል። ቤቱን መሥራትም፣ ፍየሎቹን መሥራትም ቀላል ነው፤ ፍየሎቹ በጀልባው ላይ ይሳፈሩ ወይስ ይቅሩ የሚለው ግን የእጅ ሥራ ጥያቄ አይደለም። ከሁሉም የሚያስቸግረው ምናልባት አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት። በሐይቆቹ ዳር ውኃ የዋጠው መሬት የይዞታ ወረቀት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ማኅተም ያለበት፣ ወሰኑ የተጻፈበት ሕጋዊ ወረቀት። በአሻንጉሊት ዓለም ይህች ወረቀት የጣት ጥፍር ታህላለች፤ በመቆንጠጫ ካልሆነ አትያዝም። አሻንጉሊቱ ከውኃው ዳር ቆሟል፤ ጀልባው ተዘጋጅቷል፤ ወረቀቷ በእጁ ናት። ሠሪው አሁን ተጎንብሶ ጣቱን ወደ አሻንጉሊቱ ክንድ ሲልክ፣ እጁ ወደ ኪሱ ይሂድ ወይስ ወደ ውኃው ብሎ መወሰን አለበት፤ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ዐሥራ ሁለት ጊዜ።